ግፊቱ ከኩላሊት ሲነሳ

ስለ ደም ግፊት ሲወራ ጣት የሚቀሰረው ልብ ላይ ነው። ልብ መግፋቱን ይገፋል፤ ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ እንዲኖር ወይም እንዲረጋ በማድረግ ረገድ ግን ትልቁ ሥልጣን የኩላሊት ነው። የሚያዝዘውም በሆርሞን ነው።

ፍንጩ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1898 ስቶክሆልም ውስጥ ነበር። በካሮሊንስካ ተቋም ሮበርት ቲገርስቴትና ፐር በርግማን ከጥንቸል ኩላሊት ያወጡትን ፈሳሽ ለሌላ ጥንቸል በደም ሥር ሲሰጡ ግፊቷ አሻቀበ። ንጥረ ነገሩን ሬኒን አሉት። ብዙም ሰሚ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ1934 አሜሪካዊው ሃሪ ጎልድብላት ወደ ውሾች ኩላሊት ደም የሚያስገባውን ቧንቧ በመቆንጠጫ አጠበበ። የውሾቹ ግፊት ወጣ፤ ወጥቶም ቀረ።

ደም የቀነሰበት ኩላሊት መላው አካል ደም የጎደለበት ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሬኒን ይለቃል። ሬኒን በራሱ ግፊት አይጨምርም። ጉበት ሠርቶ ወደ ደም የላከውን ፕሮቲን ይቆርጣል፤ ቁራጩን ደግሞ በተለይ በሳንባ ደም ሥሮች ላይ የሚገኝ ኢንዛይም እንደገና ይከረክመዋል። አንጂዮቴንሲን ሁለት የሚባለው ሆርሞን የሚወለደው እዚህ ነው። ደም ሥሮችን ያጠብባል፤ እንደ ቆብ ኩላሊት ላይ የተደፉትን አድሬናል እጢዎችም አልዶስቴሮን እንዲያመነጩ ያደርጋል። አልዶስቴሮን በሽንት ሊወጣ የነበረውን ጨው ያስቀራል፤ ጨው ባለበት ውሃም ይቀራል።

ደም ለፈሰሰው ወይም ተቅማጥ ላደረቀው ሰው ይህ ሰንሰለት ነፍስ አድን ነው። ችግሩ ሰንሰለቱ የተበጀው ጨው ብርቅ ለሆነበት ኑሮ መሆኑ ነው። አሞሌ ገንዘብ ሆኖ በኖረበት አገር ዛሬ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ ይደገማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል። በጤናማ አካል ጨው ሲበዛ ሬኒን ይቀንሳል። በአንዳንዱ ሰው ግን አድሬናል እጢው ትእዛዝ ሳይጠብቅ አልዶስቴሮን ያፈሳል፤ ጄሮም ኮን ይህን በሽታ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየወሰደ ግፊቱ አልወርድ ያለው ሰው ስለዚህ በሽታ ምርመራ ሐኪሙን ቢጠይቅ አይከፋም።

ሰንሰለቱን መበጠስ የተቻለው፣ ማን ያስበው ነበር፣ በእባብ መርዝ ነው። ጃራራካ የተባለው የብራዚል እፉኝት የነደፈው ሰው ግፊቱ ይወርዳል። ብራዚላዊው ሰርጂዮ ፌሬራ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መርዙን ሲመረምር፣ ውስጡ ያለ ንጥረ ነገር ደም ሥርን የሚያሰፋው ብራዲካይኒን ቶሎ እንዳይፈርስ ሲከላከል አገኘ። መርዙን ይዞ ለንደን፣ ጆን ቬን ቤተ ሙከራ ገባ፤ እዚያም መርዙ አንጂዮቴንሲንን የሚከረክመውን ኢንዛይም እንደሚያግድ ታየ። የስኩዊብ ኩባንያ ተመራማሪዎች ኩሽማንና ኦንዴቲ በዚህ ተመርተው በአፍ የሚወሰድ ካፕቶፕሪል ሠሩ፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 ተፈቀደ። በእኛ አገር ፋርማሲ በብዛት የሚገኘው ኢናላፕሪል የዚያው ቤተሰብ ነው።

መድኃኒቱን የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎችን የሚያስቸግረው ደረቅ ሳልም ከዚሁ ይመጣል። ብራዲካይኒንን የሚያፈርሰው ያው ኢንዛይም ነውና፣ ሲታገድ ብራዲካይኒን ተከማችቶ የአየር ቧንቧን ይቆረቁራል። ያሳለው ሰው ክኒኑን በገዛ ፈቃዱ ከሚያቆም ለሐኪሙ ይንገር፤ ሎሳርታን አለ። ሎሳርታን ኢንዛይሙን አይነካም፤ አንጂዮቴንሲን ሁለት የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ሁለቱም ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጡም፤ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ።