ጋዜጣ ያላወጣው ዜና ዕረፍት

በአገራችን የጋዜጣ ዜና ዕረፍት ከመለመዱ አስቀድሞ የሟችን ማንነት ለሕዝብ የማስታወቅ ሥልጣን የአልቃሽ ነበር። የጦር ሰው ሲሞት ፈረሱ ከነኮርቻው ተስቦ፣ ጋሻውና ጠመንጃው ከልቅሶው መካከል ሲቀርብ፣ አልቃሿ ተነሥታ አባቱን፣ የፈረስ ስሙን፣ የዋለበትን ጦርነትና የወደቀበትን ስፍራ በየተራ ትጠራለች፤ ለቀስተኛውም ደረቱን እየመታ ይቀበላትና፣ ግጥሙ ቤት የሚመታ በመሆኑ ሳይረሳው ወደየቀየው ይዞት ይመለሳል። የፈረስ ስም ማለቴ ለጌጥ አይደለም፤ ደጃዝማች ባልቻን አባ ነፍሶ፣ ገረሱ ዱኪን አባ ቦራ ብሎ የሚጠራ ሰው የጀግናውን ታሪክ እኩሌታ ተናግሯል።

የፋሺስት ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ በየሳምንቱ ይወጣ የነበረው «ብርሃንና ሰላም» ተቋረጠ፤ በምትኩም ወራሪው «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ መሠረተ። የቄሳር ጋዜጣ ለተረሸነ አርበኛ ዜና ዕረፍት ያወጣል ብሎ የሚጠብቅ የዋህ አልነበረምና፣ ሥራው ተመልሶ በአልቃሽና በአዝማሪ ላይ ወደቀ፤ በሟች ላይ የተጀመረው ሙሾም ሳይታወቅ ወደ ቀረርቶ ይዞርና ደም መላሽ ይጣራ ጀመር። የፋሺስቱ እንደራሴ ግራዚያኒ ይህን ከብዙ ምሁራን ቀድሞ የተረዳው ይመስለኛል፤ ከየካቲት 12 እልቂት በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን 1929 ዓ.ም. ለሮም በላከው ቴሌግራም፣ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እንዲያዙና እንዲረሸኑ ማዘዙን፣ እስከዚያ ቀንም 70 ያህሉ መወገዳቸውን አስታውቋልና። መትረየስ ያለው መንግሥት ማሲንቆ የያዘን ሰው እንደ ጦር አለቃ መፍራቱ ለግጥማችን ከተሰጡት ምስክርነቶች ሁሉ የበለጠው ነው።

በ1930ዎቹ መባቻ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆርጅ ስቲር ከሱዳን «ባንዲራችን»ን ያሠራጭ ጀመር፤ ድሉም ከተገኘ በኋላ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ተመሠረተ። ጀግኖችን በኅትመት ማወደስ ከዚህ ወዲያ ተስፋፋ፤ ነገር ግን ውዳሴው ለሁሉ እኩል አልደረሰም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተረሸኑት አቡነ ጴጥሮስ በመዲናይቱ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ጽፎላቸዋል። አብረዋቸው ጵጵስና የተሾሙት፣ የምዕራቡ አባት አቡነ ሚካኤል ግን ጎሬ ላይ በ1929 ዓ.ም. ያንኑ ጽዋዕ ሲጠጡ፣ ስማቸው ከኢሉባቦር ደን እምብዛም አልወጣም። በዚያው በምዕራብ ይዋጉ የነበሩት ራስ እምሩ ተከበው በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን የሰጡትም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ነው፤ እዚያ ድረስ ተከትለዋቸው ከወደቁት መካከል ስማቸው ለማተሚያ ቤት የደረሰ ጥቂቶች ናቸው።

ስለዚህ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒ፣ በቦንጋና በጎሬ የምትኖሩ አንባብያን ሆይ፣ በካፍኛም ሆነ በቤንችኛ ወይም በአማርኛ የዚያን ዘመን ሙሾ የሚያውቁ አረጋውያን ካሉላችሁ፣ የሟቹን ስም፣ የፈረስ ስሙንና የወደቀበትን ወንዝ ሳታስቀሩ፣ ግጥሙንም ሳታርሙ፣ እነርሱ በሕይወት ሳሉ ጻፉት።