በቀን ሦስት ደቂቃ

ጥንቸል ልጆቿን የምታጠባው አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ነው፤ ያውም ለሦስት ደቂቃ ያህል። አጥብታ ትታቸው ትሄዳለች። እስቲ ደምሩት፤ በ21 ቀን 63 ደቂቃ። በዚህች የአንድ ሰዓት ጡት ግልገሏ ከ50 ግራም ገደማ ተነስታ ከ300 ግራም ታልፋለች። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ክብደቷ እጥፍ ይሆናል።

ወተቱ ስቡም ፕሮቲኑም ከላም ወተት ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ጠብታ የጠገበች የጥቂት ቀን ግልገል በእጃችሁ ይዛችሁ ብትገለብጧት፣ ፀጉር ባላበቀለው ስስ ቆዳዋ ሥር ነጩ ወተት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሆዷ ከበሮ ሆኗል። ይህን ሁሉ እስከ ነገ ፈጭቶ የሚያሳልፈው ትንሹ አንጀት ነው። የውስጡ ግድግዳ ልሙጥ አይደለም፤ ጥቃቅን ጣት መሳይ ነገሮች እንደ ምንጣፍ ክር ጥቅጥቅ ብለው ቆመውበታል። የሚሸፍኗቸው ሕዋሳት ከሥር ተወልደው ወደ ጫፍ ይወጣሉ፣ እዚያ ይረግፋሉ። በአደገች ጥንቸል ይህ ሽፋን በጥቂት ቀን ውስጥ እንዳዲስ ይተካል።

የአራስ አንጀት ሥራ ምግብ መፍጨት ብቻ አይደለም። በዳሞት ሶሬዋ ጉኑኖ ላም ያረባ ሰው እንገር ለጥጃ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። የጥጃ አንጀት በሽታ መከላከያውን ከእንገር የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል። የጥንቸል ግልገል ግን አብዛኛውን መከላከያ ገና በማሕፀን ሳለች ከእናቷ ወስዳ ነው የምትወለደው።

ዓይኗ በ10ኛው ቀን አካባቢ ይገለጣል። በ18ኛው ቀን ገደማ ቅጠል መቀንጠብ ትጀምራለች፤ ያኔ አንጀቷ ሥራ ይቀይራል። ወተት የሚፈጨው ኢንዛይም እየቀነሰ፣ ስታርችና ስኳር የሚፈጩት ይጨምራሉ። አንጀቷ ከሰውነቷ ቀድሞ ይሮጣል፤ ክብደቷ ከአዋቂ ጥንቸል 60 ወይም 70 በመቶ ላይ ሳለ የምግብ መንገዷ ሙሉ መጠኑን ሊደርስ ይቃረባል። ስታድግ ትንሹ አንጀት ብቻውን 3 ሜትር ያህል ነው፤ እስከ ፊንጢጣ ያለው ሁሉ ሲቀጠል 5 ሜትር ይጠጋል። ረጅም የእንሰት ቅጠል ያህል አንጀት፣ ግማሽ ሜትር በምትሆን እንስሳ ሆድ ውስጥ!

እናንተ መሬት በጠበበበት ጓሮ ጥንቸል ለማርባት የምታስቡ ወገኖች፣ ይህ የአንጀት ለውጥ ሳያልቅ ከጡት የተለየች ግልገል በተቅማጥ ልትሞት ትችላለች። እስከ 35ኛው ቀን ከእናቷ አትለዩአት። የምትመግቧትንም የስኳር ድንች ሐረግ ጠውለግ አድርጋችሁ፣ ጥቂት በጥቂት አስለምዷት።