በእግዚአብሔር መታመንና ለእግዚአብሔር መታመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በቋንቋችን «መታመን» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። በእግዚአብሔር መታመን ስንል፥ ይጠብቀኛል፥ ያድነኛል ብሎ ልብን በእርሱ ላይ ማሳረፍ ማለታችን ነው። ለእግዚአብሔር መታመን ስንል ደግሞ ቃል ኪዳኑን ሳያፈርሱ፥ ሃይማኖቱን ሳይክዱ ጸንቶ መኖር ማለታችን ነው። ሁለቱን የሚለያቸው «በ» እና «ለ» ብቻ ነው። ነገር ግን ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን እንተዋለን። አድነኝ እንላለን፤ ባያድነኝስ እንዴት ሆኜ እገኛለሁ ብለን ግን ራሳችንን አንጠይቅም። ዛሬ የምንመለከተው ይህን ነገር ነው። ምሳሌውንም ከሩቅ አናመጣም፤ በጉና ተራራ ግራና ቀኝ ከሚኖረው ከደቡብ ጎንደር ሕዝብ እንወስደዋለን።

የደብረ ታቦር ከተማ ስሙን የወሰደው በገሊላ ካለው ከታቦር ተራራ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈ፥ ነቢይቱ ዲቦራ ባርቅን 10,000 ሰው ይዞ ወደዚህ ተራራ እንዲወጣ አዘዘችው። በሜዳው የቆመው የጠላት አለቃ ሲሣራ 900 የብረት ሠረገሎች ነበሩት። ባርቅ ከተራራው ወረደ፤ የሲሣራም ሠራዊት ተፈታ፥ አለቃውም ሠረገላውን ጥሎ በእግሩ ሸሸ።

የብረት ነገር ከተነሣ፥ የእኛው ደብረ ታቦርም የራሱ ታሪክ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ ያሠሩት ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ በጋፋት ነው። በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፥ ገደሉን መንገድ እያስደለደሉ መቅደላ አደረሱት። የዚያን ጊዜ ሰው የከፈለውን ድካም ማን ይቈጥረዋል! አምባው ግን በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ወደቀ፤ ንጉሡም በዚያ ሞቱ።

ወደ ባርቅ እንመለስ። ታሪኩን ስንሰማ ደስ የሚለን ፍጻሜው ያማረ ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን እስራኤል ከዚያ ቀን አስቀድሞ 20 ዓመት በመከራ እንደ ኖሩ መጽሐፉ ይነግረናል። በእነዚያ 20 ዓመታት ውስጥ ወደ እግዚአብሔር ጮኸው የዲቦራን ቀን ሳያዩ ያለፉ ሰዎች አልነበሩምን? በአገራችንም እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል። ዐፄ ልብነ ድንግል በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ከአምባ ወደ አምባ እየተሰደዱ፥ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ እያዩ፥ በ1533 ዓ.ም. በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ጦርነቱ የተፈጸመው በልጃቸው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በ1535 ዓ.ም.፥ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ ነው። አባት የለመነውን ልጅ ተቀበለ። የአባትየው ልመና ከንቱ ነበረ የሚል ማን ነው?

አንዳንድ ሰው ደግሞ፥ በእግዚአብሔር የታመነ ሰው አይሸሽም ይላል። ይህ አነጋገር ለጆሮ ደፋር ይመስላል፤ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር ግን አይስማማም። እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብጽ ተሰደደች፤ እኛም ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ይህን ስደት በማሕሌተ ጽጌ እናስባለን። የጌታ እናት የተሰደደችበትን መንገድ እያከበርን፥ ሕፃን አዝላ የሸሸችውን የጋይንት እናት እምነት ጐደላት ልንላት አይገባንም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደቡብ ጎንደር ተሻገረ። የትግራይ ተዋጊዎች ነፋስ መውጫን ይዘው ከነሐሴ 6 እስከ ነሐሴ 15 ቀን ቆዩ። ቀኖቹን ልብ በሉ፤ ጾመ ፍልሰታ የሚጾምባቸው፥ ካህናቱ ውዳሴ ማርያም የሚተረጕሙባቸው፥ ሕፃናት እንኳ ሳይቀሩ የሚቈርቡባቸው ቀኖች ናቸው። በእነዚህ ቀኖች በከተማዪቱ ቤቶች ተዘረፉ፤ የሕክምና ቤቱ መድኀኒትና መሣሪያ ተወሰደ፤ ሴቶች በገዛ ቤታቸው ተደፈሩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው መግለጫ የ16 ሴቶችን ቃል አስፍሯል። በዚያው ወር ደብረ ታቦር ከተማም በከባድ መሣሪያ ተመታች፤ ሰላማውያን ሰዎችም ሞቱ። በመካከሉ ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ነበረ፤ ልጆች ጅራፍ የሚያጮኹበት፥ ሙልሙል የሚቀበሉበት፥ ማታ ችቦ የሚበራበት ቀን።

እንግዲህ የተጐዳው ሰው ይጠይቃል፤ ሱባኤ ላይ ሳለን፥ ስሟን እየጠራን ሳለን፥ ይህ ስለ ምን መጣብን? ይላል። ይህን ጥያቄ ለማፈን የሚቸኩል ሰባኪ ሰውየውን አላዳመጠም። «ጸሎታችሁ አንሶ ነው» ብሎ የሚመልስ ደግሞ ከዚያ ይከፋል፤ የኢዮብ ወዳጆችም እንዲሁ ብለው ነበር፥ እግዚአብሔርም ተቈጥቷቸዋል።

መልስ ባይሆንም ብርሃን የሚሆነን አንድ ነገር እነሆ። ጌታ በታቦር ተራራ ክብሩን በገለጠ ጊዜ ከደቀ መዛሙርቱ ይዟቸው የወጣው ሦስቱን፥ ጴጥሮስን፥ ያዕቆብንና ዮሐንስን ነው። ሦስቱም ያን ብርሃን አዩ፤ ሦስቱም የአብን ድምፅ ሰሙ። ኋላ ግን ምን ሆኑ? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 እንደሚነግረን፥ ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። ቀጥሎ ጴጥሮስን ያዘው፤ ጴጥሮስ ግን በሁለት ወታደሮች መካከል በሰንሰለት ታስሮ ተኝቶ ሳለ መልአክ መጥቶ አወጣው። ዮሐንስ ወደ ፍጥሞ ደሴት ተሰደደ። ተራራው አንድ፥ ብርሃኑ አንድ፥ ቤተ ክርስቲያኒቱም አንዲት ናት። የያዕቆብ እምነት ከጴጥሮስ አንሶ ነበረን? ማንም እንዲህ ብሎ አላስተማረም። ሁለቱንም በየበዓላቸው እናከብራቸዋለን፤ ለሰይፍ የተሰጠው ከእስር ከወጣው አያንስም።

ሠለስቱ ደቂቅም በእሳቱ ፊት ቆመው ለናቡከደነፆር የመለሱት ቃል ይህንኑ ያስረዳል። አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ ጨመሩ። «በ» እና «ለ» በአንድ አፍ የተነገሩት በዚያ ነው።

ሌላም የሚከብድ ነገር አለ፤ እርሱን ዘለን ብናልፍ ስብከታችን ግማሽ ይሆናል። በዚያ ጦርነት የተዋጉት ብዙዎቹ በአንድ ጥምቀት የተጠመቁ፥ በአንድ ቍርባን የተቀበሉ ነበሩ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የጽዮን ማርያም በዓል ሊከበር ጥቂት ቀን ሲቀረው በአክሱም ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገድለዋል። የአክሱም እናትና የነፋስ መውጫ እናት ወደ አንዲት እመቤት አለቀሱ። ልጁ እንዲድን የሚለምን ሰው፥ የሌላውን ልጅ ለማጥፋት እግዚአብሔርን ረዳት ሊያደርግ አይችልም። ለእግዚአብሔር መታመን በጣም የሚፈተነውም መሣሪያ በእጃችን ባለ ጊዜ ነው።

ስለ ተደፈሩት እኅቶቻችን አንድ ቃል ልጨምር። በመንደር ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው የሚሄዱ፥ ለባልም ለጎረቤትም ያልተናገሩ አሉ። ኀፍረቱ የሠሪው ነው እንጂ የእነርሱ አይደለም። የንስሐ አባት የሆነ ካህን እንዲህ ያለች ሴት ወደ እርሱ ስትመጣ ኀጢአቷን ሊጠይቃት አይገባም፤ ንስሐ የሚያስፈልገው ለበደለው ነውና። ሊያጽናናት፥ ወደ ሐኪምም እንድትሄድ ሊመክራት ይገባዋል። ሐኪሙንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ጸበሉንና መድኀኒቱን አናጣላ።

ጦርነቱ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተደረገ ስምምነት ቆመ፤ ዓመቱ ሳይሞላ ግን በዚያው ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ። ስለዚህ ዛሬ ይህን የምትሰሙ ወይም የምታነቡ፥ መከራው አልፎላችሁ ሳይሆን ገና በመካከሉ ያላችሁ ትኖራላችሁ።

የማርቆስ እናት ማርያም ቤትም እንዲሁ ነበረ። ያዕቆብን የቀበሩ ሰዎች ናቸው በዚያ ሌሊት ስለ ጴጥሮስ ሊጸልዩ የተሰበሰቡት። ያዕቆብ ስላልተረፈ መጸለይን አልተዉም፤ ነገር ግን ልባቸው ፈጽሞ ተጽናንቶ ነበር ለማለት አይቻልም፤ ጴጥሮስ መጥቶ ደጁን ባንኳኳ ጊዜ አገልጋይቱ ሮዴ ሮጣ ነገረቻቸው፥ እነርሱ ግን አብደሻል አሏት። የለመኑት ሰው በደጅ ቆሞ ሳለ አላመኑም። ጴጥሮስም ማንኳኳቱን ቀጠለ፤ ተነሥተው ከፈቱለትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።