አደይ በሌለበት አበባ ማሰር

በአገራችን መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው «አበባየሁሽ» እያሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ። በጎጃም እንግጫ ነቅለው ከአደይ ጋር ይጎነጉናሉ። ወንዶቹም አበባ በቀለም ሥለው ለጎረቤት ያድላሉ።

ጨዋታ ብቻ አይምሰላችሁ። አበባ ሲታሰር አንዷ ትይዛለች፣ ሌላዋ ክሩን ታጠብቃለች፤ ብዙ ወሬ አያስፈልግም። ባለፈው ዓመት የወረቀት አበባ በሠራንበት ቀን፣ ከመጣች ጀምሮ ሳምንት ሙሉ ዝም ያለች ልጅ «አጥብቂው እንጂ!» ብላ ጓደኛዋን ተቆጣች። ከአፏ የሰማነው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። (ጓደኛዋ ክር ማጥበቅ እስካሁን አልለመደችም።)

በጅቡቲ ከተማ መስከረም ገና ሙቀት ነው፣ አደይም የለም። ቡገንቪላ ግን በየአጥሩ ተንጠልጥሏል። አበባ የሚመስለን ባለቀለሙ ክፍል ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሐሉ ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቁረጡ። ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አራግፉ፣ አለዚያ ይበሰብሳል። ውኃ ውድ ነውና አንድ ኩባያ ይበቃል፤ በማግስቱ ስትለውጡት አሮጌውን ለችግኝ አጠጡ። ቡገንቪላ ከተቆረጠ ቶሎ ስለሚጠወልግ እዚያው ቀን አድሉት። መጀመሪያ ብቻቸውን የሚኖሩትን የእማማን በር አንኳኩ።