ሳይቸግር ጤፍ ብድር፦ አነስተኛ የጊታር አምፕሊፋየር ለመግዛት ላሰባችሁ

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምናወጋው ስለ ታክስ፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ኢሚግሬሽን ነው። ዛሬ ስለ ጊታር አምፕሊፋየር ልጽፍ ስነሳ «የሒሳብ ሰው ከጊታር ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ያገናኙኝ አንድ ደንበኛዬ ናቸው። ስማቸውን ሳልጠቅስ ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

እኚህ ሰው ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ተጠግቷል። ጊታር የለመዱት አዲስ አበባ ሳሉ የሮሃ ባንድን ካሴት እየደጋገሙ በመስማት፣ በተለይም የሰላም ሥዩምን አጨዋወት በመከተል ነው። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ከመጡ ወዲህ በአዘቦት ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራሉ። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ደግሞ ስድሳ ሰው በሚይዝ የሐበሻ ሬስቶራንት ከአንድ ኪቦርድ ተጫዋችና ከአንድ ድምፃዊ ጋር ይጫወታሉ። ባለፈው የታክስ ወቅት ደረሰኞቻቸውን በፌስታል አጭቀው ወደ ቢሮዬ መጡ። ከደረሰኞቹ መካከል ገና ያልተከፈለ የዋጋ ማቅረቢያ አገኘሁ። ለአንድ አምፕሊፋየር 2,800 ዶላር ይላል።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ቡቲክ አምፕ ነው። ያጠራቀምኳት ገንዘብ የልጄ ናት፣ እሷን አልነካም። ይህንን በክሬዲት ካርድ እገዛዋለሁ። አንተ ከታክስ ላይ ስታስቀንስልኝ በነፃ እንደማግኘት ነው ብለውኛል» አሉኝ።

እኔ ቡቲክ ሲባል የማውቀው የልብስ መሸጫውን ነበር። ጠይቄና አንብቤ እንደተረዳሁት ግን ቡቲክ አምፕሊፋየር የሚባለው በትልቅ ፋብሪካ ሳይሆን በትንሽ ወርክሾፕ፣ ሽቦው አንድ በአንድ በእጅ ተበይዶ የሚሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በሎስ አንጀለስ የተቋቋመው ማችለስ፣ የኦሃዮው ዶክተር ዚ፣ የሰሜን ካሮላይናው ካር ከሚታወቁት መካከል ናቸው። ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ወርክሾፖች መነሻ የሚያደርጉት ፌንደርና ቮክስ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ያወጧቸውን ንድፎች ነው። ዋጋቸው የሚወደደው በአብዛኛው ለሰው እጅ ስለሚከፈል ነው።

ውስጡ ያለው ቲዩብ በድሮ ሬዲዮኖች ጀርባ ቀላ ብሎ ሲበራ የምናስታውሰው የመስታወት አምፖል ነው። ተራ የትራንዚስተር ማጉያ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ድምፁን ድንገት ይቆርጠዋል። ቲዩብ ግን ወደ አቅሙ ጫፍ ሲቀርብ ድምፁን ቀስ በቀስ ያወፍረዋል፣ እንደ ድምፃዊ ጉሮሮም ሻከር ያደርገዋል። ትዝታ የሚጫወት ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጋሼ የፈለጉት ነገር ቅንጦት አልነበረም። ስህተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ስህተቱን ለማየት አንድ ቅዳሜ ማታ ወደ ሬስቶራንቱ ሄድኩ። በዚያን ጊዜ የነበራቸው የ100 ዋት የቲዩብ አምፕሊፋየር ነበር። ገና የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ባለቤቱ ከካሸሩ ጀርባ ሆኖ «ዝቅ አድርጉት» እያለ በእጁ ምልክት ሰጠ። ሦስት ጊዜ ዝቅ አደረጉት። በመጨረሻ ማዞሪያው አንድ ቁጥር ላይ ሲደርስ ባለቤቱ ዝም አለ፤ ጊታሩም አብሮ ሞተ። ቲዩቡ ከአቅሙ ጥቂቱን ብቻ እየሠራ ስለሆነ ያ የሚፈለገው ድምፅ ሊወጣ አልቻለም። ጋሼ ግን ጉድለቱ የአምፑ ስም ማነስ መስሏቸው ውድ ስም ፍለጋ ወጡ።

የ100 ዋት ማጉያ በ1960ዎቹ አጋማሽ እንግሊዝ አገር ሲሠራ የተሠራበት ምክንያት ነበረው። በዚያን ጊዜ የአዳራሽ ድምፅ ማጉያ ደካማ ስለነበር ጊታሩ ሕዝቡን መድረስ ያለበት በራሱ ጉልበት ነበር። ዛሬ ከትንሽ አምፕ ፊት ማይክሮፎን አቁሞ ድምፁን በአዳራሹ ስፒከር ማስተላለፍ ይቻላል። ደግሞም ዋት ሲጨምር ድምፅ በዚያው ልክ አይጨምርም። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ጉልበቱ አሥር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ስለዚህ 100 ዋት ከ10 ዋት ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ ሳይሆን ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ይጮኻል። የ5 ዋት፣ የ15 ዋትና የ22 ዋት አምፖች በዓለም ላይ የተወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

በሚቀጥለው ሰኞ፣ ዕረፍታቸው ቀን፣ አብረን ወደ ዕቃ መሸጫ ሄድን። የራሳቸውን ጊታር ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸው፤ በሰው ጊታር የተፈተነ አምፕ ቤት ሲገባ ሌላ ነው። የድምፁን መጠን በሬስቶራንቱ ልክ አደረግነው። እኔ ጥቂት ርምጃ ርቄ ከሻጩ ጋር ሳልጮኽ ማውራት መቻል አለብኝ። ከዚያም ስም እንዳያታልላቸው ጀርባቸውን ለአምፖቹ ሰጥተው እንዲጫወቱ፣ ሻጩም ገመዱን እንዲቀያይር ለመንኩት።

5 ዋቷ ትንሽ አምፕ ብቻዋን ስትሆን ታስደስት ነበር። ነገር ግን ከኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር ጥርት ያለ ድምፅ ለማውጣት አቅም እንደሚያንሳት ራሳቸው ተናገሩ። ቀጥለው ሁለት ሲጫወቱ ግን በሁለቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንደኛው የ2,800 ዶላሩ ነበር። ሌላኛው እንደዚሁ በእጅ የተሠራ፣ 15 ዋት፣ ሰው የተገለገለበት፣ ዋጋውም 1,100 ዶላር ነበር።

«የትኛው ይበልጣል?» አልኳቸው።

ደጋግመው ሞክረው «የመጀመሪያው ትንሽ ይበልጣል» አሉ። ዞረው ዋጋዎቹን አዩና ሳቅ አሉ። «በ1,700 ዶላር ግን አይበልጥም።»

አንባብያን፣ ከመግዛታችሁ በፊት ከዚህ በተጨማሪ የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ስፒከሩን ጠይቁ። በአንድ ዋት 100 ዲሲቤል የሚሰጥ ስፒከር 97 ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር የአምፑን ዋት በእጥፍ እንደማሳደግ ነው። ሁለተኛ፣ ማን እንደሚጠግነው ጠይቁ። ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ሊኖረው ይችላል፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም አፍኖ ሊያቆየው ስለሚችል በራሳችሁ አትክፈቱት። ስፒከሩ ሳይያያዝም አታብሩት፤ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ሦስተኛ፣ ቲዩብ ያልቃል። የሚሠራባቸው አገሮች ጥቂቶች ናቸው፤ ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ዋነኞቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሳ የሩሲያው አቅርቦት ተናግቶ ዋጋ መጨመሩን ያየ ሰው በብዛት የሚገኝ የቲዩብ ዓይነት የሚጠቀም አምፕ መምረጥ ይበጀዋል። አራተኛ፣ አገር ቤት ይዞ ለመመለስ የሚያስብ ሰው የአሜሪካው መብራት 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያው 220 ቮልት መሆኑን አይርሳ። በ220 የሚሠራ ትራንስፎርመር ይገጠምለት እንደሆነ ሠሪውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልመለስ። «ታክስ ይከፍልልኛል» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያሳስታል። ከእያንዳንዱ ዶላር 25 ሳንቲም ገደማ ታክስ የሚከፍል ሰው 2,800 ዶላር ወጪ ቢያስመዘግብ የሚተርፈው ታክስ 700 ዶላር ገደማ ነው። ቀሪው 2,100 ዶላር ከኪሱ ነው። ክሬዲት ካርዱ ደግሞ በዓመት 24 በመቶ ወለድ ቢያስከፍልና በወር 70 ዶላር ብቻ ቢከፈል፣ ከዚያ ውስጥ በመጀመሪያው ወር 56ቱን ወለድ ይበላዋል። ዕዳው ተከፍሎ የሚያልቀው ከ6 ዓመት ከ9 ወር ገደማ በኋላ ሲሆን ድምሩ ወደ 5,690 ዶላር ይደርሳል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ጋሼ ከአንድ ምሽት ገቢያቸው ነዳጅ፣ ክርና ታክስ ተቀንሶ 100 ዶላር ያህል ይተርፋቸዋል። 1,100 ዶላር የ11 ምሽት ልፋት ሲሆን 2,800 ግን የ28 ምሽት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የልጃቸው ጉዳይ ነበር። አገር ቤት ላለው ልጃቸው ያስገቡት ማመልከቻ የስፖንሰርነት ወረቀት፣ ማለትም ፎርም አይ-864፣ የሚሞላበት ደረጃ ላይ ተቃርቧል። በዚህ ወረቀት ላይ ስፖንሰሩ በአብዛኛው ገቢው ለቤተሰቡ ብዛት ከተወሰነው የድህነት መለኪያ ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን ማሳየት፣ የቅርብ ጊዜውንም የፌደራል ታክስ ሪተርን ማያያዝ አለበት። በሙዚቃ የሚገኘው ገቢ በስኬጁል ሲ ካልተመዘገበ የለም ማለት ነው። ከተመዘገበ ደግሞ የሚቆጠረው ወጪ ተቀንሶ የተረፈው ነው። ስለዚህ ገቢው ከመለኪያው ብዙም ያልራቀ ሰው በአንድ ዓመት ትልቅ ወጪ ሲያስቀንስ ታክሱን ያሳንሳል፣ በዚያው እጁ ደግሞ ስፖንሰር የመሆን አቅሙን ያሳንሳል። ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የዋጋ ማቅረቢያውንም አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ሌሎቻችሁም ልብ በሉ። ግሪን ካርድ ያለው፣ ወይም የጥገኝነት ማመልከቻ አስገብቶ የሥራ ፈቃድ ካርድ የያዘ ሰው በግሉ ተጫውቶ መከፈል ይችላል። በተማሪ ቪዛ ያለ፣ ወይም በኤች-1ቢ ለአንድ ቀጣሪ ብቻ የተፈቀደለት ሰው ግን ሬስቶራንት ውስጥ ለአንድ ምሽት ተጫውቶ በጥሬ ገንዘብ ቢከፈለውም ሥራ ነው፤ ሁኔታውን ሊያበላሽበት ይችላል። ከመጀመሩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር። በተረፈ በግል ሥራ ዓመቱን ሙሉ ወጪ ተቀንሶ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ የተረፈው ሰው ማሳወቅ ግዴታው ነው። አምፑን ለመዝናኛ ብቻ የሚጠቀምበት ሰው ደግሞ ወጪውን ከታክስ ማስቀነስ አይችልም።

ጋሼ ባለ 100 ዋቱን ሸጠው፣ ጥቂት ጨምረው ባለ 15 ዋቱን ያለ ብድር ገዙት። ባለፈው ወር ቅዳሜ ማታ ሄጄ ነበር። አምፑ ከወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ማዞሪያው ከግማሽ በላይ ተከፍቷል። ትዝታ ሲጀምሩ ባለቤቱን አየሁት፤ እጁን አላነሳም። የልጃቸው ፋይል ገና በሂደት ላይ ነው። ያጠራቀሟት ገንዘብ ግን እንዳለች አለች።

አምፕሊፋየር የምትገዙ ወገኖች፣ በሐሳባችሁ ላለው ስታዲየም ሳይሆን ቅዳሜ ማታ ለምትጫወቱባት ክፍል ግዙ። እስከሚቀጥለው ዕትም ቸር ይግጠመን።