ስምምነቱ በተፈረመ ማግስት

የኑክሌር ጦር መሣሪያ ይወገድ ብለው የሚሟገቱ ማኅበራትን የ70 ዓመት ጉዞ ያየ ሰው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያገኛል፤ ከሽንፈት ይልቅ የበተናቸው ድል ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጣውን የቀሰቀሰው አሜሪካ በ1954 በቢኪኒ ደሴት ያፈነዳችው የሃይድሮጂን ቦምብ ነው። መርዛማው አመድ በአንድ የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ወረደ፤ መርከበኞቹም ታመሙ። በዓመቱ በርትራንድ ራስልና አይንስታይን ማስጠንቀቂያቸውን አወጡ። በ1956 ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የተረፉ ሰዎች ኒሆን ሂዳንክዮ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በ1958 የፋሲካ ሰሞን ደግሞ እንግሊዛውያን ከለንደን ተነሥተው የአቶም መሣሪያ ወደሚሠራበት ኦልደርማስተን በእግራቸው ተመሙ።

እኔን የሚደንቀኝ ግን ከሰልፉ ይልቅ የሴንት ሉዊስ ጥርስ ነው። በዚያች የአሜሪካ ከተማ ሳይንቲስቶችና እናቶች ተባብረው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የልጆች የወተት ጥርስ ሰበሰቡ። ከቦምብ ሙከራው የሚረግፈው ስትሮንቲየም 90 የተባለው ጨረራማ ንጥረ ነገር ከሣሩ ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ወተቱ፣ ከወተቱም ወደ ልጁ አጥንት እንደሚገባ ታወቀ። ስለ ሚሳኤል ስሌት አፉን የማይከፍት ወላጅ ስለ ልጁ ጥርስ ሲሆን ዝም አይልም። በ1963 የተፈረመው ስምምነት የኑክሌር መሣሪያን በአየር፣ በጠፈርና በውኃ ውስጥ መሞከርን ከለከለ፤ ከመሬት በታች ያለውን ግን ተወው። ፍንዳታው ከዓይን ሲሰወር ሰዉም ወደየቤቱ ገባ። የዓለም የኑክሌር አረር ግን በ1980ዎቹ አጋማሽ 70,000 ገደማ እስኪደርስ ተቆለለ።

ሁለተኛው ማዕበል የአሜሪካዊቷ ተሟጋች የራንዳል ፎርስበርግ «የኑክሌር መሣሪያ ባለበት ይቁም» ጥሪ ነበር። ሰኔ 12 ቀን 1982 ኒውዮርክ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አደባባይ ወጣ። በ1987 ሬገንና ጎርባቾቭ የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎችን ለማጥፋት ፈረሙ፤ አደባባዩም እንደገና ጭር አለ። ያልተበተኑት የግሪንሃም ኮመን ሴቶች ናቸው። በእንግሊዙ የጦር ሰፈር በር ላይ በ1981 የተከሉትን ሠፈር በጦር ሰፈሩ የነበሩት ሚሳኤሎች ከሄዱ በኋላም እስከ 2000 አላፈረሱም።

መሣሪያውን በሕግ የማገድ ሐሳብ አዲስ እንዳይመስለን። ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር ያቀረበችውና የኑክሌር መሣሪያን መጠቀም የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር መጣስ ነው የሚለው ውሳኔ በ1961 በጠቅላላ ጉባኤው በ55 ድምፅ አልፏል። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተቃውመውት ነበር። በጣሊያን የመርዝ ጋዝ የተቃጠለች አገር ይህን ማቅረቧ አይገርምም። አይካን የተባለው የማኅበራት ጥምረት የገፋበት የእገዳ ውል በ122 አገሮች ድምፅ የጸደቀው ግን በ2017 ነው፤ መሣሪያው ካላቸው ዘጠኙ አንዱም አልፈረመም። የ1987ቱ ስምምነት ደግሞ በ2019 ፈረሰ።

በ2024 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለኒሆን ሂዳንክዮ ሲሰጥ የተራፊዎቹ አማካይ ዕድሜ ከ85 አልፎ ነበር። ከ2022 ወዲህ የኑክሌር ዛቻ በግልጽ ይሰማል፤ ፍርሃቱ አለ፣ የ1982ቱ ዓይነት ሰልፍ ግን የለም። በእኔ ግምት ፍርሃት ብቻውን አደባባይ ሞልቶ አያውቅም፤ ጥርሱን የሚሰበስብ፣ የተቃጠለ ገላውን የሚያሳይ ሰው ይፈልጋል።