ደሙ ይመርመር፤ ሠራተኛዋ ግን አትባረር

የሥራ ላይ አደጋ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን በመኪና የተቆረጠ ጣት ወይም ከፎቅ የወደቀ ሠራተኛ ነው። ይሁን እንጂ ድምፅ ሳያሰማና ቁስል ሳያሳይ ወደ ሰውነት የሚገባ ጠላትም አለ። የመኪና ባትሪ ከሚሠራበትና ከሚፈታታበት ቦታ የሚነሣው የእርሳስ ብናኝ አንዱ ነው።

እዚህ ላይ እርሳስ የምንለው ልጆቻችን የሚጽፉበትን ሳይሆን ሊድ የተባለውን ከባድ ብረት ነው። ብናኙ በትንፋሽ፣ ባልታጠበ እጅም ከምግብ ጋር ይገባል። በደም ውስጥ ለሳምንታት ከቆየ በኋላ አብዛኛው አጥንት ውስጥ ገብቶ ለብዙ ዓመታት ይከማቻል። እናት ስታረግዝ ካልሲየም ከአጥንቷ በሚወጣበት ጊዜ የተከማቸውም እርሳስ አብሮ ይወጣና በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ የአእምሮ ዕድገቱንም ይጎዳል። ድካሙ፣ ራስ ምታቱና የሆድ ቁርጠቱ የሌላ በሽታ ስለሚመስል ጉዳቱ በደም ምርመራ ካልሆነ በቀላሉ አይታወቅም።

ምርመራው እንደ መርዙ ዓይነት ይለያያል። እርሳስ በደም ይታያል። የጫማ ማስቲሽና የቀለም ማቅጠኛ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ግን ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጡ ሽንቱ የሚወሰደው ብዙውን ጊዜ ሥራው ሲያበቃ ነው። ፀረ ተባይ መድኃኒት ለሚረጩ ሠራተኞች ደግሞ ርጭቱ ከመጀመሩ በፊት ደም ተወስዶ፣ በኋላ ከሚወሰደው ጋር ይነጻጸራል።

ታዲያ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ምን ይደረጋል? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

በአሜሪካ ጆንሰን ኮንትሮልስ የተባለው የባትሪ ፋብሪካ ከእ.ኤ.አ. 1979 እስከ 1983 ባለው ጊዜ ስምንት ሠራተኞቹ ከፍተኛ እርሳስ በደማቸው እያለ አርግዘው ተገኙ። ድርጅቱም በ1982 መውለድ አለመቻላቸውን በሐኪም ማስረጃ ካላረጋገጡ በቀር ሴቶች ሁሉ እርሳስ ባለበት ሥራ እንዳይመደቡ ከለከለ። አንዲት ሠራተኛ እንጀራዋን ላለማጣት ስትል ማህፀኗ እንዳይወልድ አስደረገች። የ50 ዓመት ሴት ከሥራዋ ተዛውራ ገቢዋ ተቀነሰ። አባት ለመሆን ያሰበ አንድ ወንድ ደግሞ በደሙ ያለው እርሳስ እስኪቀንስ ፈቃድ ቢጠይቅ ተከለከለ። እርሳስ ግን የወንድንም ዘር ይጎዳል። ሠራተኞቹ በማኅበራቸው አማካይነት ተከራክረው በ1991 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው፤ ስለሚወለደው ልጅ የመወሰኑ ጉዳይ የወላጆች እንጂ የአሠሪው አለመሆኑንም አስታወቀ።

በዚያው አገር በ1978 የወጣው የእርሳስ ደንብ የተሻለውን መንገድ ያሳያል። በፋብሪካ ውስጥ በ100 ግራም ደም 60 ማይክሮግራም እርሳስ የተገኘበት ሠራተኛ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ከብናኙ ይርቃል፤ ከ40 በታች ሲወርድ ይመለሳል፤ ደመወዙም እስከ 18 ወር ድረስ ይጠበቅለታል። ደመወዝ እንደማይቋረጥ ያወቀ ሠራተኛ ክንዱን ለመርፌ ለመስጠት አይፈራምና።

በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን ሠራተኞች እንደ ሁኔታው በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። በመሆኑም እህቶቻችን ምርመራውን በሠራተኛ ማኅበራቸው በኩል ሊጠይቁ፣ ውጤታቸውንም ራሳቸው ሊያውቁ ይገባል። ከፍ ያለ ቁጥር በቅድሚያ የሚመሰክረው በአየር ማስወጫው፣ በመታጠቢያውና በአሠራሩ ጉድለት ላይ ነው።

እናቶች ሆይ፣ ብናኙ በልብስና በጫማ ተከትሎ ቤት ይገባል። ባለቤትሽ ወይም አንቺ ባትሪ ቤት የምትሠሩ ከሆነ፣ የሥራ ልብሱ እዚያው ይቀየር፤ ቤት ከመጣም ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። ልጅ ከመታቀፍ በፊት እጅና ፊት በሳሙና ይታጠብ። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ግን የቤቱን በር ይጠብቃል እንጂ የፋብሪካውን አየር አያጠራም። ያንን ማጥራት የአሠሪው ግዴታ ነው።